የጋሽ ይማም ሦስተኛ ቀን

«ነገ ብስክሌትህን ይዘህ ና።»

እትዬ ሰዓዳ ደውለው መጀመሪያ ያሉኝ ይህንን ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሲሪንቃ፣ ማሳ መሃል ቆሜ የማሽላ ዘለላ እየቆጠርኩ ስለነበር ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ቸኩዬ፣ «እሺ፤ ጋሽ ይማም የት ሄደው ነው እርስዎ የደወሉት?» አልኳቸው። ባለቤታቸው ናቸው፤ በጋሽ ይማም ስልክ ደውለውልኝ አያውቁም። «እሱማ ዛሬ ረፋድ ላይ ተቀበረ። ብስክሌትህ ግን ነገ ዚያራ አላት» አሉኝ።

ስንተኛው ዘለላ ላይ እንደነበርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ሌላ ነገር አልቆጠርኩም።

ጋሽ ይማም መርሳ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። ምልክታቸው ከቅርንጫፉ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ዝገት የበላው ቸርኬ ነው። ነፋስ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሥራ ሲፈቱ ቀና ብለው ያዩትና፣ «መርሳ ውስጥ በኔ ላይ ቅሬታ የሌለው ይኼ ብቻ ነው» ይላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ መያዣ ተሰብሮ በፍሬን ሽቦ የተተካ ነው። እንዲህ ያለ መነጽር ያደረገ ሰው የእኔን ብስክሌት እንዴት ያስተካክላል ብዬ መጀመሪያ ቀን ተጠራጥሬ ነበር። መነጽሩን ግን አንድም ቀን ሲወልቅ አላየሁትም።

ብስክሌት ሠርተው ሲያስረክቡ «ጨረስኩ» አይሉም። «እኔ የድርሻዬን ሠርቻለሁ፤ የቀረውን መንገዱ ይሥራው። በሦስተኛው ቀን ለዚያራ አምጣት» ነው የሚሉት። ዚያራ በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ሸኽ ወይም ዘመድ ዘንድ ለጥየቃ መሄድ ነው። ብስክሌት ዚያራ ስትሄድ የሰማሁት ግን መርሳ ላይ ብቻ ነው።

እኔ ከጎጃም ለሥራ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሲሪንቃ ባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ መቁጠር ነው፤ ዘለላ እቆጥራለሁ፣ ቅጠል እቆጥራለሁ፣ ተባይ የበላውን ቅጠል ካልበላው ለይቼ እቆጥራለሁ። ሲቆጥር የሚውል ሰው ተጠራጣሪ ይሆናል መሰለኝ፣ ያለ ማስረጃ የሚነገረኝን ነገር አልወድም። ጋሽ ይማም ደግሞ ከንግግራቸው ግማሹ ማስረጃ የለውም።

መጀመሪያ የወሰድኩላቸው የፔዳሌ ክንድ እየተወዛወዘ ሲያስቸግረኝ ነው። በእነዚህ አሮጌ የቻይና ብስክሌቶች ላይ የፔዳሉን ክንድ ከመሃል ብረቱ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ጣት የምታክል ሽብልቅ ናት። በአንድ በኩል ተመትታ ትገባለች፣ በሌላው በኩል በዳዶ ትታሰራለች። እሷን አውጥተው አዲስ አስገቡልኝ። በሦስተኛው ቀን አልሄድኩም። ለምን እሄዳለሁ? በደንብ ትሄድ ነበር። በአምስተኛው ቀን በየዙሩ «ቋ» ማለት ጀመረች። ለጥገና ስትሄድ ያልነበረባትን ድምፅ ነው ይዛ የመጣችው።

«ጋሽ ይማም፣ ሳላሠራት ይሻለኝ ነበር» አልኳቸው፣ ሰው በተሰበሰበበት።

«ለዚያራ አምጣት አላልኩህም?»

«በደንብ ተሠርታ ቢሆን ዚያራ ምን ያደርግላት ነበር?»

ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተዬ፣ የሲሪንቃው አይደለህ? እናንተ ማሽላ ዘርታችሁ በሦስተኛው ቀን ብቅ አለ አልበቀለም ብላችሁ አታዩም ወይ?»

ዛፉ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «ማሽላ ቆጣሪው» ተባልኩ። እኔ በልቤ፣ እኚህ ሰውዬ ሰው እንዲመላለስላቸው ሆን ብለው አላልተው ነው የሚልኩት አልኩ። ለሦስተኛው ቀን ሥራ ምንም እንደማይቀበሉ ሳይ ደግሞ ጥርጣሬዬ ባሰ። በነፃ የሚሠራ ሰው ምን ፈልጎ ነው? አሰብኩ አሰብኩና የወሬ ጓደኛ ፈልገው ነው ብዬ ደመደምኩ።

መደምደም ብቻውን አይበቃኝም፤ ሙከራ ላደርግ ወሰንኩ። ሽብልቋ ስታልቅ ቀጣዩን ወልድያ ወስጄ አሠራሁ። እዚያ ያለው ጠጋኝ ቱታ የለበሰ፣ ቁልፎቹን በየቁመታቸው ግድግዳ ላይ የደረደረ ሰው ነው። «ጨርሻለሁ፤ ዓመት ትነዳታለህ» አለኝ። ያቺን «ጨርሻለሁ» ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ አንዱን «ወልድያ»፣ ሌላውን «ይማም» አልኩት። ወልድያ፣ አንደኛ ቀን፣ ደህና። ሁለተኛ ቀን፣ ደህና። ሦስተኛ ቀን፣ ደህና። አራተኛ ቀን፣ «ቋ»። በስድስተኛው ቀን የግራው ፔዳል ክንዱን ይዞ አስፋልቱ ላይ ቀረ። እኔ በአንድ እግሬ እየነዳሁ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ውስጥ ገባሁ። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም።

ብስክሌቴን እየገፋሁ መርሳ ስደርስ ጋሽ ይማም ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፀጉሬ ላይ የሽንኩርት ቅጠል ነበር።

«የት ሄዳ ነበር?»

«የትም።»

ሽብልቋን በፒንሳ አውጥተው ወደ ብርሃኑ አነሷት። «የወልድያ ናት» አሉ። ይቆጡኛል፣ ሰው ፊትም ያዋርዱኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የብስክሌቷን መቀመጫ ቸብ ቸብ አደረጉና፣ «አብሽሪ፤ አገር አይተሽ መጣሽ» አሏት። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ነገሩን ያስረዱኝ ያን ቀን ነው። አዲስ ሽብልቅ ቦታዋን እስክትይዝ ትንቀሳቀሳለች። አንድ ሁለት ቀን ስትረገጥ ጠልቃ ትገባና ያሠራት ዳዶ ይላላል። ያኔ ሩብ ዙር ትፈልጋለች። «ያቺን ሩብ ዙር ዛሬውኑ ጨምሬ ልስጥህ ብል ብረቱ አይቀበለኝም፤ ጠመዝማዛው ክሩ ይበላል። እኔ ያልጨረስኩትን ጨረስኩ ብዬ ልላክህ?» አሉኝ። የወልድያው ሰውዬ ሥራም የእሳቸውም ሥራ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጋሽ ይማም እንደሚላላ አስቀድመው መናገራቸው ነው። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀየምኳቸው እውነቱን ስለነገሩኝ ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ወዲያው ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ለሩብ ዙር ብዬ መርሳ ድረስ ምን ያስኬደኛል ብዬ ቁልፍ ገዛሁ። ሦስተኛው ቀን ሲደርስ ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ሩብ አዞርኩ። ለጥንቃቄ ሌላ ሩብ ጨመርኩ። እንዲያው ለእርግጠኝነት ብዬ አንድ ሌላ ስጨምር ዳዶው ድንገት ቀለለና በባዶው መዞር ጀመረ። ክሩ ተበልቷል።

«ገደልካት» አሉ ጋሽ ይማም። ሽብልቋን መዳፋቸው ላይ አድርገው ለመጣው ለሄደው ሁሉ፣ «ይቺ የማሽላ ቆጣሪው እጅ ናት» እያሉ ሲያሳዩ ዋሉ። ሲበቃቸው ማንጎው ግንድ ላይ በሽቦ አሥረው በምስማር ሰቀሏት። ስንት ጊዜ አውርዱልኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «ለሌላው መማሪያ ናት፤ አትምጣባት» ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ ዚያራ አላጓደልኩም። ሥርዓት አለው። መጀመሪያ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ነድተህ ትመለሳለህ። እሳቸው ዱካ በሚሏት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ብስክሌቷን አያዩዋትም፣ ይሰሟታል። ከዚያ ቁልፋቸውን ያነሳሉ፤ ሩብ ዙር። እንደገና ነድተህ ትመለሳለህ። ምንም ካልተሰማ ዓይናቸውን ይገልጡና በመጨረሻ ያቺን ቃል ይሏታል፤ «አሁን ጨረስኩ።» ከዚያ እትዬ ሰዓዳ በማር የተመታ አብሽ በብርጭቆ ይዘው ይመጣሉ፣ ወሬውም ይጀመራል። በሰዓቴ ለክቼዋለሁ፤ ሥራው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ወሬው ሁለት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ የወሬ ጓደኛ ፈልገው ነው ያልኩት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። እኔም ጓደኛ ያስፈልገኝ እንደነበር ግን ደብተሬ ላይ ዓምድ አላወጣሁለትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በክረምቱ ከተሞቹ በታጣቂዎች እጅ ገቡ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ነዳጅ ጠፋ። መሸሽ የቻለ ሸሸ። እኛ አልሸሸንም። ልጄ ሜሮን ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የሚጥል በሽታ አለባት። በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን አላት፤ ካቋረጠች ይጥላታል። ከዚያ በፊት አንዴ ተቋርጦባት ሕመሙ አልለቃት ብሎ ልናጣት ደርሰን ነበር። በስደት መንገድ ላይ እንዲያ ብትሆንብንስ ብለን ፈራንና ሲሪንቃ ቀረን።

ቆጣሪ መሆኔ የጠቀመኝ ያኔ ነው፤ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ኪኒን ነበር። ማሽላው ሊታጨድ ሲደርስ እሱም ተመናመነ። አንድ እሑድ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር የቀረውን አልጋ ላይ ዘርግተን ቆጠርን። ከዚያ የከፋ ቆጠራ ቆጥሬ አላውቅም። እስከ ዓርብ ብቻ የሚያደርስ ነበር። ወልድያ መድኃኒት ቤቶቹ ባዷቸውን ናቸው። ውርጌሳ ግን መድኃኒት ቤት የነበራት አንዲት ሴት ሱቋ ሳይዘረፍ ጥቂቱን ወደ ቤቷ አሽሽታለች የሚል ወሬ ሰማሁ። ውርጌሳ ከመርሳም ወዲያ ነው። በእግር ሄዶ ከሰዓት እላፊው በፊት መመለስ አይቻልም። ያለችኝ ብስክሌቷ ናት።

እሷም ብትሆን ተበታትና ነበር። ታጣቂዎቹ ያገኙትን ብስክሌት ስለሚወስዱ ጋሽ ይማም ገና ሲጀመር፣ «በትናት፤ የተበተነ ነገር ማን ይሰርቃል» ብለውኝ ጎማዎቿን ቆጥ ላይ፣ የቀረውን አካሏን አገዳ ክምር ውስጥ ደብቄ ነበር። ሰኞ ገና ሲነጋ ገጣጥሜ፣ በማሳ መሃል በሚሄደው መንገድ መርሳ ደረስኩ። ሽብልቋ አልቃለች፤ ክንዱ እንደተመታ እግር ይወዛወዛል። ጋሽ ይማምን ደጃቸውን ዘግተው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። የሆነውን ስነግራቸው አልቀለዱም። ከጓሮ የአሮጌ ማረሻ ጫፍ አመጡ፣ ቆረጡና ሞረድ ይዘው ተቀመጡ። ሞረዱ፣ ለኩ፣ እንደገና ሞረዱ። ማረሻው ሽብልቅ እስኪሆን ረፋዱ አለፈ።

ሲያስረክቡኝ ብስክሌቷን በጭቃ ለቀለቋት፣ መቀመጫዋንም በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለሉ። «ቆንጆ ሆና መንገድ አትወጣም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ይቺ የእጅ ሥራ ናት፤ ከገበያዋ የበለጠ ትፈናቀላለች። ካላጠበቅናት የክንዱን ቀዳዳ ትበላዋለች፤ ያ ከሆነ እኔም አልመልሳት። ረቡዕ ማምጣት የግድ ነው» አሉኝ።

«ረቡዕ እመጣለሁ» አልኩ።

ውርጌሳ ደረስኩ፤ ሴትየዋ የለችም። ጎረቤቷ በበሩ ሽንቁር በኩል፣ «ገጠር እናቷ ዘንድ ናት፤ ሐሙስ ትመጣለች» አለችኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሲሪንቃ ልደርስ ስል «ቋ» ጀመረች።

ማክሰኞ ደግሞ አንድ ሞኝነት ሠራን። ኪኒኑ ቢዘልቅልን ብለን ለሜሮን በግማሽ ሰጠናት። አመሻሹ ላይ ጣላት። ከዚያ በኋላ አንዳችንም ከአጠገቧ መነሳት አልቻልንም። በዚያው ቀን ከሐሙስ ጀምሮ ወደ መርሳ ከተማ መግባትም መውጣትም እንደተከለከለ ተነገረ። ሐሙስ ከተማውን በማሳ ዞሬ ውርጌሳ መሄድ እችል ይሆናል፤ ጋሽ ይማም ዘንድ መግባት ግን አልችልም።

ረቡዕ ጠዋት ሜሮን ተኝታ፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ብስክሌቷን አያለሁ። በዚህ ሁኔታ ውርጌሳ ደርሳ አትመለስም። ቁልፌ በእጄ ነው። ባለቤቴ ከውስጥ አየችኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንዳትነካት!» አለችኝ። የማንጎው ዛፍ ላይ ስለተሰቀለችው ነገር እሷም ሰምታለች። ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ቀትር ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ የጥንቅሽ ሸክም ይዘው በማሳው ዳር ሲመጡ አየሁ። የሚታኘክ ጥንቅሽ ለልጆቹ ይዞ የሚመለስ ገበሬ መሰሉኝ። ቀረብ ሲሉ የመነጽሩ ሽቦ አብለጨለጨ።

ሸክማቸውን አውርደው እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት ወደ ብስክሌቷ ዞሩ። «አንቺ፣ ዚያራ ስትቀሪብኝ እኔው መጣሁ» አሏት።

እስሩን ፈቱት፤ ቁልፋቸው ከጥንቅሾቹ መሃል ታሥሯል። መንገድ ላይ ብረት የያዘ ሰው ይጠረጠር ነበር። ኬላ ላይ አንድ ወጣት ታጣቂ አስቁሟቸው ወዴት ነህ ሲላቸው፣ «የታመመች ልጅ ልጠይቅ» ብለዋል፤ ሜሮን ማክሰኞ እንደጣላት ግን ገና አያውቁም ነበር። ወጣቱ እስሩን ሊፈታ እጁን ሲሰድ ቀድመው ከዳር አንድ ጥንቅሽ መዘዙና፣ «እንካ ልጄ፣ ጣፋጭ ናት» ብለው ሰጡት። «እያኘከ አሳለፈኝ፤ ወላሂ እሱም ርቦት ነበር» አሉን። ይህንን ሲያወሩ እንደ ቀልድ ነው።

ግቢው ውስጥ አንዴ ዞርኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሩብ ዙር አዞሩ። ደግሜ ዞርኩ፤ ምንም የለም። «አሁን ጨረስኩ» አሉ።

«ጋሽ ይማም፣ ለሩብ ዙር ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት?»

«ሳልጨርስ ሰጥቼህ ምን ላድርግ? መንገድ ላይ ብትወልቅብህ ሥራው የኔ ነው፤ የምትጎዳው ግን ልጅቱ ናት።» ከዚያ ገብተው ሜሮን ራስጌ ተቀመጡ። ስትነቃ ጥንቅሽ ልጠው ሰጧት። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። ባለቤቴ ደግሞ ከጎን ሆና በራሷ እምነት ታማትብ ነበር። ምሳ ቅመሱ ብንላቸው፣ «ከነገ ከተማው ይዘጋል፤ ሰዓዳ ትጠብቀኛለች» ብለው ተነሱ። ባለቤቴ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠቻቸው። እስከ ማሳው ጫፍ ሸኘኋቸው፤ ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ጠፍቶኝ፣ «ያቺን ሽብልቅ ከዛፉ ላይ ያውርዱልኝ እንግዲህ» አልኳቸው። «እሷማ አትወርድም» አሉ።

ሐሙስ መርሳን በማሳ ዞሬ ውርጌሳ ሄድኩ፤ ሴትየዋም መጥታለች። ኪኒኑን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ለሁለት ወር የሚሆን። ስመለስ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ጆሮዬ «ቋ»ን ይጠብቃል፤ አልመጣችም። የማረሻዋ ሽብልቅ ጦርነቱ እስኪያልፍ ያችው ነበረች። ሜሮን አሁን ከእናቷ ትከሻ በላይ ናት፤ ኪኒኗንም ራሷ ቆጥራ ትወስዳለች።

ከጦርነቱ በኋላ ጋሽ ይማም ወደ ማንጎው ሥር ተመለሱ። እኔም ወደ መነዝነዜ ተመለስኩ። ያቺን ረቡዕ አንስቼ ላመሰግናቸው በሞከርኩ ቁጥር ወሬውን ወደ ሽንኩርቱ ጋሪ ያዞሩብኝ ነበር። እትዬ ሰዓዳ ከመደወላቸው አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ፣ ሽብልቄን ሲቀይሩልኝ ጎንበስ ብለው ቀና ማለት ሲያቅታቸው አይቼ፣ «ደህና አይደሉም እንዴ?» ብያቸው ነበር። «ዓርብ አምጣትና ያኔ ታየኛለህ» አሉኝ። እኔ የሰርቪስ መኪና እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ብስክሌቷን ሰርቪሱ ላይ አስጭኜ ሄድኩ እንጂ ፊታቸውን ደህና አድርጌ አላየሁትም። ይህ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ዓርብ ሜሮን እኔም እሄዳለሁ አለችና ከኋላ ተቀመጠች። የሁለታችን ክብደት ሽብልቋን ፈተናት፤ ወደ መርሳ ስንቃረብ «ቋ» አለች። ሜሮን ከኋላዬ ሆና፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ትቆጥራለች። የአባቷ ልጅ ናት። ሃምሳ ምናምን ላይ ስትደርስ ማንጎው ታየን።

ሰዎች ከጁምዓ መልስ አጠገቡ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበዋል። ድምፃችንን ሰምተው ሁሉም ዞሩ። ቸርኬው ከቅርንጫፉ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። የኔዋ ሽብልቅም ግንዱ ላይ እንደተሰቀለች ናት። ብስክሌቷን አቁሜ «አላህ ያጥናችሁ» ብዬ ሳልቀመጥ እትዬ ሰዓዳ ከቤት ወጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ የጋሽ ይማም ቁልፍ ነው።

«ረቡዕ ሲተኛ ነው የነገረኝ» አሉኝ። «‹የማሽላ ቆጣሪውን ብስክሌት አልጨረስኳትም፤ ዓርብ ባልነሳ የሰው ሥራ እንዳለብኝ እንዳትተዪኝ› አለኝ። ሌሊቱን አላለፈም። እንካ።»

«እኔ? እትዬ፣ የኔን እጅ ያውቁት የለም?» አልኩ፤ ሳላስበው ወደ ግንዱ አየሁ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። ሌላውም ሳቀ። እትዬ ሰዓዳም እንባቸው ሳይደርቅ ፈገግ አሉ። «ሩብ ዙር!» አለ አንድ ሰው ከድንኳኑ። «ሩብ ዙር ብቻ! ሰውዬው አብዝተህ እንዳታጠብቃት!»

ተንበረከክኩ። ቁልፉን ዳዶው ላይ አስገባሁና ሩብ አዞርኩ። እጄ እንደ ልማዱ ለጥንቃቄ አንድ ልትጨምር ቃጣት። ቁልፉን አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

እትዬ ሰዓዳ የጋሽ ይማም ዱካ ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሜሮንን ከኋላ አስቀምጬ እስከ መታጠፊያው ነዳሁ። ድንኳኑ ጸጥ ብሏል። ሜሮን ለመቁጠር ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚቆጠር ነገር አጣች። ዞረን ተመለስን፤ ከጎማው ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠር በቀር ምንም አይሰማም።

እፊታቸው ስደርስ እትዬ ሰዓዳ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጨረሰ» አሉ።

ከብስክሌቷ ሳልወርድ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ።